ድምፅ ያልደረሰበት ምሽት፦ በደንቆሮ ጫካ የአንድ የእግር ጉዞ የጉዳይ ጥናት

ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት በነበረ አንድ መጋቢት፣ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከባቲ የተሰባሰብን 11 ሰዎች በደቡብ ወሎ ወደሚገኘው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ለእግር ጉዞ ሄደን፣ አንዲት እህታችንን ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ አጥተናት በመጨረሻ በሕይወት አግኝተናታል። ጉዞውን ያስተባበርኩት እኔ ስለነበርኩ፣ ከዚህ በታች ከሚነበበው ስህተት አብዛኛው የእኔ ውሳኔ ያመጣው ነው። ባለጉዳይዋ ስሟ ሳይጠቀስ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ እኔ ያላየሁትን ክፍልም የነገረችኝ እርሷ ናት። ነገሩን በዝርዝር መጻፍ ያስፈለገኝ በየእሑዱና በየበዓሉ የደሴውን ጦሳ ወይም የኮምቦልቻውን የጎፍ ተራራ ለመውጣት የሚነሱ ወዳጆቼ ያንኑ የእኛን ስህተት ሊሠሩ ሲሉ ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

ቦታው

ፓርኩ በ2001 ዓ.ም. በክልል ደረጃ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል፤ ቆይቶም የወረሂመኖ ስም ታክሎበታል። የአካባቢው ሰው ግን ዛሬም የሚጠራው በቀድሞ ስሙ ደንቆሮ ጫካ ብሎ ነው። ከደሴ ተነስቶ የለጋምቦዋን አቀስታ አልፎ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው መንገድ የአምባ ፈሪትን ቀዝቃዛ ደጋ እያካለለ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ተጓዡ ጫካውን ከማየቱ በፊት ብርዱን ይተዋወቃል። ጫካው ከጥልቅ ሸለቆ ተነስቶ እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል። ከታች ጥድና ወይራ ይበዛል፤ ከፍ ሲባል ኮሶና አምጃ ይመጣል፤ ከዚያ አስታ የሚባለው ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ሰማዩን ይጋርዳል፤ ከአስታው በላይ ደግሞ ጓሳ ሣር የለበሰና ጅብራ እዚህም እዚያም የቆመበት ገላጣ ሜዳ ይከፈትና ሜዳው በድንገት ገደል አፋፍ ላይ ያበቃል። ጭላዳ ዝንጀሮው የሚሰማራው፣ ቀይ ቀበሮም አይጥ ሲያድን የሚታየው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ስለሆኑ፣ አንዱን በዓይን ማየት ለብዙዎቻችን ከጉዞው ሁሉ የሚበልጥ ተስፋ ነበር።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ያን ዕለት አብሮን የወጣው የፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ገና ጠዋት ወደ ጫካው ስንገባ፣ ስፍራው ደንቆሮ የተባለው ሰው ሲጣራበት ድምፁን ውጦ ስለሚያስቀር ነው ብሎ ነግሮን ነበር። እኛ እንደ ጥሩ ወግ ሰምተን አለፍነው። ማታውን ግን የነገረን የመንገድ መመሪያ እንደነበር ገባን።

የጉዞው ቀን

ዕቅዳችን ከጠዋቱ 2፡00 ላይ መራመድ ጀምረን፣ በአስታው ውስጥ አልፈን ከገደሉ አፋፍ ደርሰን፣ በመጣንበት መንገድ መመለስ ነበር። ለደርሶ መልሱ የገመትነው ስድስት ሰዓት ነው። የተከራየነው መኪና ጎማ ፈነዳና፣ መለዋወጫውም አየር የሌለው ሆኖ ተገኘና፣ እግራችን መንገድ የጀመረው 4፡30 ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት የሠራሁትን ስሌት አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ከ4፡30 ላይ ስድስት ሰዓት ቢጨመር 10፡30 ይሆናል፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12፡30 በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ትርፍ አለን። ስሌቱ በቁጥር ልክ ነበር። ያልገባበት ነገር ቢኖር ስድስቱ ሰዓት የፈጣኑ ተጓዥ ሰዓት መሆኑ፣ በበልግ ወራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያለው ሰማይ የጠዋቱ ሰማይ አለመሆኑ ነው። የወሎ ደጋ በመጋቢት በልጉን ይጠብቃል፤ ገበሬው ደስ ብሎት የሚቀበለው ያ ጉምና ካፊያ ለመንገደኛ ጭንቅ ነው።

ከመካከላችን የደሴዎቹ የምንኖረው 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ፣ ከ3500 ሜትር በላይ ስንደርስ ትንሽ ከማለክለክ በቀር ምንም አልሆንም። የባቲዋ እህታችን ግን ከቆላ ተነስታ በሁለት ቀን ውስጥ እዚያ ከፍታ ላይ የደረሰች ናት። በዋዜማው መካነ ሰላም ስናድር እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ጠዋት ቁርሷን ሳትነካው ቀረች፤ አስታው ውስጥ ስንገባ ራሷን እንደሚያማት ለአንዷ ጓደኛዋ ተናግራለች። ከ2500 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ራስ ምታት ከምግብ መጥላትና ከድካም ጋር ሲመጣ፣ ሌላ ምክንያቱ እስካልታወቀ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብሎ መውሰድ ይገባል፤ የታመመውንም ሰው ከዚያ በላይ ማውጣት አይገባም። ይህን አውቅ ነበር። ለጓደኛዋ የነገረችው ለእኔ አልደረሰኝም እንጂ፣ ቁርሷን አለመብላቷን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሜዳው ላይ የወጣነው 8፡15 ላይ ነው። ጭላዳዎቹ ብዙ ነበሩ፤ እየተቀመጡ ሣሩን በሁለት እጃቸው እየነጩ ሲበሉ የሚሰማው የመንጨት ድምፅ ብቻውን ሰውን ሊያቆም የሚችል ነው። ስካውቱ ፎቶ የሚያነሱትን ሰዎች ከገደሉ ጫፍ ለማራቅ እየተሯሯጠ ነበር። ሁለት ወጣቶች በረዳቸውና 8፡30 ላይ «እኛ እስከ ትልቁ ኮሶ ድረስ እንቅደም» ብለው ወረዱ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እህታችን ወደ እኔ መጥታ «ራሴን አሞኛል፤ ልጆቹን ልከተላቸው» አለችኝ። «እሺ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ» አልኳት። የመለስኩላት ይህንኑ ብቻ ነው።

ሁለቱ ወጣቶች እርሷ እንደምትከተላቸው ስላልተነገራቸው በፍጥነታቸው ሄዱ። ሜዳው ላይ የቀረነው ስምንታችን ከእነርሱ ጋር እየሄደች ነው ብለን አመንን። እነርሱ ደግሞ ከእኛ ጋር ናት ብለው አመኑ። ጉሙ 9፡00 ላይ ከሸለቆው ተነስቶ ሲመጣ፣ በዚያ ተራራ ላይ ብቻዋን የምትሄድ ሰው መኖሯን የሚያውቅ ከእርሷ ከራሷ በቀር አንድም ሰው አልነበረም።

ከሜዳው ወደ አስታው በሚገባው መንገድ ላይ፣ ከብት የሚነዳበት ሌላ መንገድ ወደ ግራ ይገነጠላል። ስንወጣ ማንም ልብ አላለውም፤ ከታች ለሚመጣ ሰው ከኋላ የሚገናኝ መንገድ ስለሆነ ዓይን አይገባም። ከላይ ለሚወርድ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ እንዲያውም የከብቱ መንገድ ሰፋ ያለ ነው። በጉም ውስጥ ራሱን እያመመው የሚወርድ ሰው ሰፊውን ይመርጣል። እርሷም እንዲሁ አደረገች።

ፍለጋው

10፡00 ላይ ኮሶው ሥር ተሰብስበን ስንቆጠር አሥር ሆንን። ደግመን ቆጠርን፤ አሥር።

ስካውቱ ያን ጊዜ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «አሁኑኑ ወደ መንደር ሰው እንላክ» የሚል ነበር። እኔ «ቆይ፣ ገና ቅርብ ናት፤ መጀመሪያ ራሳችን እንፈልጋት፣ ሰው አናስቸግር» አልኩት። በአነጋገሬ ውስጥ ሰውን ላለማስቸገር የማሰብ ይሉኝታ ነበረበት፤ ከይሉኝታው ሥር ደግሞ ኀፍረት ነበር። ሰው አጣሁ ብዬ ለመንደር ሰው መናገር ከበደኝ። በዚህ ምክንያት ከ10፡00 እስከ 11፡20 ድረስ በአስታው ውስጥ እየተጣራን ቆየን። ስሟን እየጠራን፣ እየቆምን እያዳመጥን፣ እንደገና እየጠራን ወጣን ወረድን። ኋላ እንዳጣራነው፣ በዚያን ሰዓት እርሷም ትጣራ ነበር፤ በመካከላችን የነበረው አንድ የተራራ ጀርባና ጥቅጥቅ ያለ አስታ ነው፣ በአየር ቢለካ ከጥቂት መቶ ሜትር የሚበልጥ አይመስለኝም። ስልክም እንደ ድምፃችን ከንቱ ሆነ። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም፤ የእርሷ ስልክ ደግሞ ኔትወርክ ሲፈልግና ብርዱ ባትሪውን ሲጎዳው ተዳክሞ 10፡30 ሳይሞላ ጠፍቷል።

ከእኛ አንዱ ጭሱን አይታ ትምጣ በሚል እሳት እናንድድ ብሎ ክብሪት አወጣ። ስካውቱ እጁን ያዘው። አስታ እርጥብ ሆኖም የሚነድድ እንጨት ነው፤ ውስጡ ዘይትነት አለው፤ አንዴ ከያዘ ሰው የሚያጠፋው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሳው ቃጠሎ ጓሳውንና አስታውን እንዴት እንደበላ የሚያስታውስ ሰው ክልከላውን ይረዳዋል። ኋላ ሲመሽ እሳት የነደደው ስካውቱ በመረጠው ባዶ ድንጋይ ላይ፣ ከሩቅ ተለቅሞ በመጣ የደረቀ ጭራሮ ነው፤ ጠዋት ተመልሶም አመዱን በውሃ አጥፍቶታል። ሰው በጠፋበት ጭንቀት ውስጥ ስለ ዛፍ ማሰብ ለአንዳንዶቻችን ጭካኔ መስሎ ታይቶን ነበር። ነገር ግን በዚያ አስታ ውስጥ ጠፍታ የነበረችው እርሷው ራሷ ናት፤ እሳቱ ቢነሳ መጀመሪያ የሚደርሰው ወደ እርሷ ነበር።

11፡20 ላይ ነርስ የሆነችውን ጓደኛችንንና ሁለት ሰዎችን ወደ መንደር ላክን። መንደሩ ከፓርኩ ወሰን አጠገብ ነው፤ የደረሱት 12፡10 ላይ ነው። ወሬው በተሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ባትሪና ዱላ የያዙ ወንዶች፣ በቅሎ የሚስብ ወጣት፣ ከኋላም የበግ ጸጉር ባናቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ሴቶቹ ከምድጃው ላይ ውሃ ጥደው ዱዓ ያዙ፤ ነርሷ እንደነገረችን በዚያው ቤት በር ላይ አንዲት ጎረቤት ክርስቲያን «እመቤቴ ትድረስላት» እያለች ቆማ ነበር።

ሽማግሌው ከእኛ ጋር ሲገናኙ የት እንደፈለግን አልጠየቁንም። የጠየቁት «ጭላዳዎቹ በየት በኩል ወረዱ?» ብለው ነው። ማናችንም አላየንም። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ዞረው ተከትሏቸው የመጣውን የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ጠሩት፤ ልጁ ከፓርኩ ወሰን ላይ በጎቹን ሲሰበስብ የዋለ እረኛ ነው። «ነጭ የለበሰ ሰው ከጭላዳዎቹ ኋላ ኋላ ሲሄድ አይቻለሁ» አለ። ለምን ቀድመህ አልተናገርክም ሲባል «ማን ጠየቀኝ?» ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው፤ እርሷን ያየ ሰው ከመንደሩ ዳር ነበር፣ እኛ ግን ለዛፍ ስንጮህ ነበር።

የሽማግሌው ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እየሄድን ሳለ ሲያስረዱኝ ነው። ጭላዳ ቀን ሜዳ ላይ ሣር ሲነጭ ይውልና ሲመሽ ነብርና ጅብ ከማይደርስበት ከገደሉ ፊት ወርዶ፣ በጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ ተቃቅፎ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። እያንዳንዱ መንጋ የለመደው ማደሪያ አለው። እህታችን በጉሙ ውስጥ መንገዱ ሲጠፋባት የጭላዳዎቹን ድምፅ ሰምታ፣ ጭላዳ ያለው ሜዳው ላይ ነው፣ ከሜዳው ደግሞ መንገዱን አገኘዋለሁ ብላ ተከተለቻቸው። ሐሳቧ የአስተዋይ ሰው ሐሳብ ነበር፤ በጠዋት ቢሆን ኖሮ ያድናት ነበር። የምሽት ጭላዳ ግን የሚመራው ወደ ገደል ነው።

ያዳናት ነፋሱ ነው። «ከፊቴ ያለው ጉም ነጭ ነው፤ ከእግሬ ሥር ያለው ግን ነፋስ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ፊቴን መታኝ» ብላናለች። ቆመች፤ ወደ ኋላ በእጆቿና በጉልበቷ ሄዳ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ቀን ውሳኔዎች ሁሉ ትክክለኛው የእርሷ መቀመጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሽማግሌው ስም አልተጣሩም። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው አፏጩ፤ ቀጭኑ ፉጨት ከገደሉ ተመልሶ መጣ። አሁንም አፏጩ፤ ዝም ብለው ቆሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያፏጩ ከግራ በኩል ቅል ቅል የሚል የብረት ድምፅ ተሰማ። ድምፅዋ ከጩኸት ብዛት ስለዘጋባት የውሃ ኮዳዋን በድንጋይ እየመታች ነበር። ሰዓቱ 1፡20 ነው።

ከእሳቱ ዳር

ስንደርስ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የለበሰችው የጥጥ ሹራብ፣ ጂንስ ሱሪና ከላይ የደረበችው ወፍራም ጋቢ በካፊያው ርሶ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቋል። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። «በርዶሻል ወይ?» ስላት «አልበረደኝም» አለችኝ፤ ምላሷ እየተያያዘ። የሹራቧን ዚፕ ልትከፍት ሞክራ ጣቶቿ አልታዘዟትም።

ሽማግሌው ባናቸውን አውልቀው ሰጡኝና ፊታቸውን አዞሩ። «እርጥቡን አውልቁላት፤ እርጥብ ጥጥ ከራቁት ይብሳል» አሉ። ጋቢውን ስናነሳው ክብደቱ የውሃ እንስራ ያህል ነበር፤ በእጄ ጠምዝዤው ውሃው ወረደ። ያው ካፊያ ሲያርፍበት ያመሸው ባና ግን ከላዩ ጤዛ ቢይዝም ውስጡ ሞቃት ነበር። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ በክሮቹ መካከል ያለውን አየር ያጣና የሰውነትን ሙቀት እየሳበ ያወጣል፤ የበግ ጸጉር ግን ረጥቦም ቢሆን አየሩን በብዛት ይዞ ይቆያል። በደጋው ገበያ ከበግ ጸጉር ተሠርቶ የሚሸጠውን ባና እኛ የከተማ ልጆች የገጠር ልብስ ነው ብለን ትተነው፣ በማለዳ ወግና በቡና ሥርዓት ላይ የሚያምረውን ጋቢ ይዘን 3500 ሜትር ላይ ወጥተን ነበር። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀነሰ እንደሚሄድ ለተማሪዎቼ የማስተምር ሰው፣ ለአሥራ አንድ ሰው በላክሁት የዕቃ ዝርዝር ላይ «ጋቢ» ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።

ወደ ቤቱ በበቅሎ ሲያወርዷት ስካውቱ በአንድ በኩል፣ ወጣቱ በሌላ በኩል ደግፈዋት ነበር። ነርሷ ከበሩ ላይ ተቀበለቻት። የቤቱ እናት «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያሉ ከምድጃው አጠገብ ቁርበት አነጠፉላት። አንድ ጎረቤት ደሙን ያሙቅላት ብሎ አረቄ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ነርሷ በትሕትና ግን በጽኑ ከለከለች። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ሰውየው የሞቀ ይመስለዋል እንጂ የውስጥ ሙቀቱ ይበልጥ ይወጣል። እጅና እግሯን ሊያሹላት የተነሱትንም መለሰቻቸው፤ ከእሳቱ ትንሽ አራቀቻት፤ ከሥሯ ቁርበትና ድርቆሽ አደረገችላት፤ በደንብ መናገርና መዋጥ መቻሏን ካረጋገጠች በኋላ ስኳር የበዛበት ትኩስ ውሃ፣ ቀጥሎም የገብስ አጥሚት በትንሽ በትንሹ እንድትጠጣ አደረገች። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ አእምሮ ይደነዝዛል፤ «አልበረደኝም» ማለቷም ከዚያ የመጣ እንደሆነ ነርሷ ነገረችን። የምንፈራው ሳይሞቃት መንቀጥቀጡን ብታቆም ነው አለች። ሁለት ሰዓት ያህል ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ሞቃትና እንቅልፍ ወሰዳት። ጠዋት ስትነሳ የጠየቀችው ቡና ነው።

ለቤቱ ባለቤቶችና ለሽማግሌው ገንዘብ ልንሰጥ ስንሞክር አልተቀበሉንም። ሽማግሌው «እንግዳ ሸጬ አላውቅም» ነው ያሉት። ባናቸውን ግን ሊያስወስዱን ፈለጉ፤ መንገዱ ይበርዳልና ይዛው ትሂድ አሉ።

ምን እንዳጠፋን

ደሴ ከተመለስን ከሳምንት በኋላ አሥራ አንዳችንም ተሰብስበን ቀኑን በደቂቃ ደቂቃ ጽፈነዋል። በስብሰባው ላይ መጀመሪያ የተነሱት ሰበቦች የመኪናው ጎማ፣ ጉሙና የተገነጠለው መንገድ ነበሩ። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሆኖም ጎማ ይፈነዳል፣ በልግ ላይ ጉም ይመጣል፣ የከብት መንገድም ሁልጊዜ ይገነጠላል። እኔ ከሁሉ በላይ የማየው 8፡40 ላይ የተናገርኩትን «እሺ» ነው። የታመመ ሰው ብቻውን እንዲሄድ ፈቀድኩ፤ የፈቀድኩትም ከሰዎች ጋር እየሄደች መስሎኝ እንጂ ሰዎቹ እንደሚጠብቋት አረጋግጬ አይደለም። ከቡድን መካከል ሰው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ክፍተት ይመስለኛል፤ ቡድን ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ወገን ጎዶሎውን በሌላው ላይ ይሞላዋል።

ሁለተኛው ጥፋት የመመለሻ ሰዓት ያለመቁረጣችን ነው። የመድረሻ ሰዓት ነበረን፤ የመመለሻ ግን አልነበረንም። መነሻችን በሁለት ሰዓት ተኩል ሲዘገይ መንገዱን ማሳጠር ሲገባን ትርፉን ጊዜ በላነው። አስታው ላይ ሳንደርስ 7፡00 ላይ ብንመለስ ኖሮ ጉሙ ታች ከወረድን በኋላ ያገኘን ነበር።

ሦስተኛው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ የበላው ኀፍረቴ ነው። ስካውቱ ሥራውን ያውቃል፤ መንደሩ አገሩን ያውቃል፤ እኔ የማላውቀውን ጫካ በጩኸት ልፈትሽ ተነሳሁ። ብናስቸግራቸው ይቀየሙናል ብዬ የፈራኋቸው ሰዎች ኋላ የወቀሱኝ ዘግይቼ በመላኬ ብቻ ነው። በጓሳውና በአስታው ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ፓርኩ ሲከለል የግጦሽና የማገዶ ስፍራውን ለጥበቃው ሲል ትቷል፤ ከተማ የሚኖር ጎብኚ ደግሞ በደጁ አልፎ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ ሻይ እንኳ ሳይገዛ ይመለሳል። እኛም ጠዋት በዚያ መንደር ዳር ያለፍነው ሰላምታ ሰጥተን ብቻ ነው። ጠዋት አረፍ ብለን፣ የት እንደምንወጣ ተናግረን፣ ከመንደሩ አንድ መንገድ መሪ በክፍያ ይዘን ብንወጣ ኖሮ፣ እረኛው ልጅ ነጭ የለበሰውን ሰው ሲያይ ለማን እንደሚናገር ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

ቡድናችን ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮችን ያለ ድርድር ይዟል። ከፊት መሪ ካለ ከኋላ ደጀን አለ፤ ከደጀኑ ኋላ ማንም አይቀርም፣ ከመሪውም ፊት ማንም አይቀድምም። መንገድ በተገነጠለ ቁጥር ሁሉም ቆሞ ይቆጠራል። አንድ ሰው ከታመመ ሁሉም ይመለሳል፤ ቡድኑ ትልቅ ከሆነም ቢያንስ ሁለት ጤነኞች አብረውት ይመለሳሉ። ከእነዚህ በተጨማሪ እያንዳንዱ ሰው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያስራል፤ የዕቃ ዝርዝራችን ላይ ጋቢ ተሰርዞ የሱፍ ልብስ ገብቷል፤ የጉዞው ወረቀት ከመንደር ሰው ወይም ከስካውት ጋር ይቀመጣል፤ ውሻ ይዞ መምጣትም ከልክለናል፣ ምክንያቱም የውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮው ስለሚተላለፍ።

ወረርሽኙም ጦርነቱም መጥተው ሩቅ መሄድ ሲያቅተን የቀረልን በቅርባችን ያለው የጎፍ ደን ነበር። እዚያ በአንድ እሑድ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ከጫፉ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረን አንድ ወጣት ጉልበቱን ያዘው። ያን ዕለት ደጀን የነበረችው የባቲዋ እህታችን ናት፤ ሽማግሌው የሰጧት ባና ትከሻዋ ላይ ነበር። ፊሽካዋን ነፋች፤ ሁላችንም ቆምን። ኮምቦልቻን ከላይ ሊያዩ የጓጉ አዲስ አባላት ሁለት ሰዎች ብቻ ይመለሱ ብለው ተከራከሩ፤ እኛ ሰባት ነበርን። እርሷ አንድ ሁለት እያለች እስከ ሰባት ቆጠረችንና ፊቷን ወደ መውረጃው አዞረች።